ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ክብደት ቢቀንስ ይሻለዋል ወይስ ባለበት ቢቆይ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 52 ነው። የምኖረው ጅማ ነው፤ ሱቅ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው፣ የምመላለሰውም በባጃጅ ነው። ስኳር ከያዘኝ 8 ዓመት፣ ግፊት ከተገኘብኝ 5 ዓመት ሆነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ68፣ ክብደቴ 86 ኪሎ ነው። ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ እወስዳለሁ። ለግፊቱ ኢናላፕሪል ታዞልኛል፣ ግን ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው የምውጠው። ባለፈው ቀጠሮ ግፊቴ 156 በ94፣ የጾም ስኳሬ 172፣ የሦስት ወሩ አማካይ ስኳሬ 8.4 ነበር። ሐኪሙ ‹ሰውነትዎ ኢንሱሊን አይቀበልም፣ ክብደት ይቀንሱ› አሉኝ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ወፍራም የስኳር ሕመምተኞች ከቀጭኖቹ የበለጠ ዕድሜ እንዳላቸው በጥናት ተረጋግጧል ይለኛል። እውነትም ታላቅ ወንድሜ ቀጭን ነበር፤ ስኳር ይዞት ከስቶ ከስቶ ነው የሞተው። ብከሳ ሰው ሁሉ ‹ምን ነካው› ይለኛል፣ እኔም እፈራለሁ። ራት ሳልበላ ባድር እንኳ የጠዋት ስኳሬ አይወርድም፤ ታዲያ ምግብ መቀነሱ ምን ይጠቅመኛል? የኢንሱሊን መጠኔን አዲስ አበባ ሄጄ ልመርመር? ሰውነቴ ኢንሱሊን የማይቀበል ከሆነስ ወደፊት መርፌው ምን ይሠራልኛል? ለጉልበቴ ሕመም ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛሁ እወስዳለሁ።»

መልስ፦ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ «ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው የምውጠው» ያሉት ነው። ከክብደትዎ በፊት እሱን ላንሳ፤ ምክንያቱም ዛሬ ማታ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

ደም ግፊት በአብዛኛው ራስ አያሳምምም። 156 በ94 ይዘው ሱቅዎን ከፍተው፣ ደንበኛ አስተናግደው፣ ማታ በሰላም ይተኛሉ። በዚያው ሰዓት ግን ግፊቱ የልብዎን ጡንቻ እያደነደነ፣ የኩላሊትዎን ጥቃቅን ማጣሪያዎች እየጎዳ፣ የአንጎልዎን ደም ሥሮች እያደከመ ነው። ስኳር ደግሞ የደም ሥሮችን ውስጠኛ ግድግዳ አስቀድሞ ያቆሰለ በሽታ ነው። ስለዚህ ስኳር የሌለበት ጎረቤትዎ ለዓመታት ተሸክሞት የሚኖረውን ግፊት የእርስዎ ሰውነት እንደ እሱ አይችለውም። ራስ ምታቱ ሲመጣ አንድ ፍሬ መዋጥ ግፊቱን ለሰዓታት ዝቅ አድርጎ መልሶ መልቀቅ ነው።

ይህ ግምት አይደለም። በእንግሊዝ አገር የተካሄደና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ትልቅ የስኳር ጥናት እንደ እርስዎ ሁለቱም በሽታ ያለባቸውን 1,148 ሰዎች በሁለት ቡድን ከፍሎ ከ8 ዓመት በላይ ተከታትሏል። የአንደኛው ቡድን ግፊት በአማካይ 144 በ82፣ የሌላኛው 154 በ87 ነበር። የላይኛው ቁጥር ልዩነት 10 ብቻ ነው። ያም ሆኖ ግፊታቸው ዝቅ ያለላቸው ሰዎች ከስኳር ጋር በተያያዘ ምክንያት መሞታቸው በ32 በመቶ፣ በስትሮክ መጠቃታቸው በ44 በመቶ ቀንሷል። ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ የታተመው ክትትል ነው። ጥናቱ አልቆ የሁለቱ ቡድን ግፊት ሲቀራረብ ያ ሁሉ ጥቅም ጠፋ። በደም ስኳር በኩል ቀድሞ የተደረገ ጥሩ ቁጥጥር ለዓመታት የሚቆይ ጥቅም ትቶ ነበር፤ የግፊት ቁጥጥር ግን ተቀማጭ የለውም። የሚጠብቅዎ በየቀኑ እስከተቆጣጠሩት ድረስ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እህትዎ ልጅ ልምጣ። የጠቀሰልዎ ነገር ከአየር ላይ የተወሰደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የአምስት የክትትል ጥናቶች መረጃ አንድ ላይ ተሰልቶ፣ ስኳር ሲገኝባቸው ክብደታቸው መደበኛ የነበረ ሰዎች ወፍራም ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ በእጥፍ ገደማ የመሞት ዕድል እንደነበራቸው ታይቷል። ቁጥሩ እውነት ነው። ከቁጥሩ ተነስቶ «ስለዚህ ውፍረት ዕድሜ ያስረዝማል» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀጭን ሆነው ስኳር ከያዛቸው ሰዎች መካከል እነማን እንዳሉ ይመልከቱ። ሲጋራ የሚያጨሱ አሉ፤ ሲጋራ ያከሳል፣ ይገድላልም። ገና ያልታወቀ ካንሰር፣ ቲቢ ወይም የጉበት በሽታ ይዟቸው ቀደም ብለው የከሱ አሉ፤ እነዚህን የገደላቸው ክሳታቸው ሳይሆን ያከሳቸው በሽታ ነው። ጡንቻቸው አልቆ ሆዳቸው ላይ ብቻ ስብ የቀረላቸው አዛውንቶች አሉ፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ «መደበኛ» ይባላሉ። ሌላው ደግሞ ያለ ውፍረት የሚመጣ ስኳር ብዙ ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት ያቃተው ከበድ ያለ ዓይነት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ11,000 በላይ ስኳር ያለባቸው አሜሪካውያን ነርሶችና የጤና ባለሙያዎች ላይ የተሠራ ጥናት ይህንን ለማጥራት ሞክሯል። አጫሽ ሆነው የማያውቁትን ብቻ ለይቶ ሲያይ ውፍረት ይጠብቃል የሚለው ነገር ጠፋ፤ ክብደት በጨመረ ቁጥር የመሞት ዕድልም ጨመረ።

ከዚህ ሁሉ የሚልቅ አንድ ነጥብ አለ። እነዚህ ጥናቶች ያወዳደሩት ቀጭንን ሰው ከወፍራም ሰው ጋር ነው። ወፍራም ሆኖ የቆየን ሰው፣ በራሱ ጥረት ቀስ ብሎ ከቀነሰ ሰው ጋር አላወዳደሩም። የእርስዎ ጥያቄ ግን ሁለተኛው ነው።

የወንድምዎ ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። የደም ስኳር በግምት ከ180 በላይ ሲሆን ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተውና ስኳሩ በሽንት ይፈስሳል። ሰውነት የበላውን ሳይጠቀም ያጣዋል፣ ከዚያ የራሱን ስብና ጡንቻ ማቃጠል ይጀምራል። ብዙ መጠጣት፣ ብዙ መሽናትና መክሳት አብረው የሚመጡት ለዚህ ነው። ይህ ክሳት ኢንሱሊን በጊዜው ባለማግኘት የሚመጣ ነው። በአገራችን በተለይ በገጠር፣ በልጅነት በምግብ እጥረት ከተጎዳ ሰውነት ጋር የሚያያዝ የስኳር ዓይነትም አለ። ሐኪሞች ለረጅም ዓመታት ሲያዩት ኖረው በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። ወንድምዎ የትኛው እንደነበረባቸው ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም። እርስዎ ግን 86 ኪሎ ሆነው በክኒን የሚኖሩ ሰው ነዎት፤ የእሳቸው ክሳትና እርስዎ አስበው የሚቀንሱት ክብደት አንድ አይደሉም።

ሐኪምዎ «ሰውነትዎ ኢንሱሊን አይቀበልም» ያሉት ኢንሱሊን ሬዚስታንስ የሚባለውን ነው። አባባሉ ሙሉ በሙሉ የማይቀበል ስለሚያስመስለው ነው ስለ መርፌው ግራ የገባዎ። ጉበትዎ፣ ጡንቻዎና ስብዎ ኢንሱሊንን ይሰማሉ፤ የሚሰሙት ግን በብዙ መጠን ሲመጣ ነው። ለዓመታት ቆሽትዎ ከሌላው ሰው በላይ እያመረተ አካክሶታል፤ አሁን እየደከመው ነው። መርፌ የሚያስፈልግበት ጊዜ ከመጣ የሚሠራው ያንን ጉድለት በመሙላት ነው፤ መጠኑ ከሌላው ሰው ከፍ ሊል ይችላል እንጂ ይሠራል።

ይህ አለመታዘዝ ከየት መጣ? ስብ በተፈጥሮ የሚቀመጥበት ቦታ ከቆዳ ሥር ነው፤ ጭን፣ መቀመጫ፣ ክንድ። እያንዳንዱ ሰው ስፋቱ የተወሰነ ጎተራ አለው። ጎተራው ሲሞላ እህሉ መኝታ ቤት መግባት ይጀምራል፦ ስቡ ወደ ጉበት፣ ወደ ጡንቻ፣ ወደ ቆሽትና በአንጀት ዙሪያ ይሄዳል። ጎተራው ሰፊ የሆነ ሰው 100 ኪሎ ደርሶም ስኳር ላይዘው ይችላል፤ ጠባብ የሆነበት ደግሞ በ65 ኪሎ ይያዛል። «እገሌ ከእኔ ይወፍራል፣ ግን ስኳር የለበትም» የሚባለው ነገር መልሱ እዚህ ጋ ነው።

የጠዋት ስኳርዎም የሚገባዎ በዚህ ነው። ሌሊት ሳይበሉ ሲያድሩ አንጎልዎ ስኳር ስለሚፈልግ ጉበት ከራሱ እያመረተ ይለቃል። ኢንሱሊን «በቃ» ሲለው ማቆም ነበረበት። በስብ የተሞላ ጉበት ግን ያንን ትእዛዝ በደንብ አይሰማም፤ ሌሊቱን ሙሉ ይለቃል። ስለዚህ አንድ ቀን ራት መተው የጠዋቱን ቁጥር አይቀይረውም። የሚቀይረው ጉበቱ ውስጥ ያለው ስብ መቀነሱ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ክብደት መቀነስ ሲጀምር መጀመሪያ ከሚቀልሉት ቦታዎች አንዱ ጉበት ነው፤ መስታወት ላይ ለውጥ ሳይታይ የጠዋቱ ስኳር መውረድ ሊጀምር ይችላል።

ግፊቱና ስኳሩ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ለየብቻ የሆኑ በሽታዎች አይምሰልዎ። በደም ውስጥ ኢንሱሊን ሲበዛ ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ያደርገዋል። የሆድ ስብ ደም ሥርን የሚያጠብቡ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል፣ ኩላሊትንም በዙሪያው ተጭኖ ይጨቁነዋል። አንገታቸው የወፈረ ሰዎች ሌሊት ሲያንኮራፉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ግፊታቸው ይጨምራል። ባለቤትዎ «ስትተኛ ትንፋሽህ ቆሞ ይመለሳል» ብለዎት የሚያውቁ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ይህ ተራ ማንኮራፋት አይደለም።

የኢንሱሊን መጠን ምርመራው ይቅር። ቁጥሩ ከቀን ቀን፣ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል፣ ውጤቱም ሕክምናዎን አይቀይርም። ኢንሱሊን ሬዚስታንስ እንዳለብዎ በልብስ ሰፊ ሜትር ማየት ይቻላል። ሸሚዝዎን ገልጠው፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌዎ አጥንት መካከል ባለው ቦታ ላይ ሜትሩን ያዙሩ፤ ትንፋሽዎን አውጥተው፣ ሆድዎን ሳይስቡ ያንብቡ። የሱሪ ቁጥር አያገለግልም፤ አብዛኛው ቦርጭ ያለው ወንድ ሱሪውን ከሆዱ በታች ነው የሚያስረው። ወገብዎ ከቁመትዎ ግማሽ፣ ማለትም ከ84 ሴንቲ ሜትር፣ ባይበልጥ መልካም ነበር። ከ94 በላይ ከሆነ ለወንድ የአደጋ ምልክት ነው፣ ከ102 በላይ ከሆነ ደግሞ ከፍ ያለ አደጋ። ለአዲስ አበባው ጉዞና ምርመራ ያሰቡትን ገንዘብ የኩላሊትን ሥራ ለሚያሳየው የክሪያቲኒን ምርመራ፣ በሽንት ውስጥ ለሚታይ ፕሮቲን (አልቡሚን)፣ ለኮሌስትሮልና ለዓይን ምርመራ ያውሉት። ስምንት ዓመት የቆየ ስኳር ኩላሊትና ዓይን ሳይታዩ መቆየት የለበትም። እነዚህን እዚሁ ጅማ ውስጥ ማሠራት ይችላሉ።

ታዲያ ክብደት መቀነሱ ምን ያህል ይጠቅማል? እዚህ ላይ ከሚገባው በላይ ተስፋ ልሰጥዎ አልፈልግም። በአሜሪካ 5,145 ወፍራም የስኳር ሕመምተኞች ላይ የተካሄደ ትልቅ ጥናት በምግብና በእንቅስቃሴ ክብደት እንዲቀንሱ ያደረጋቸውን ሰዎች ወደ 10 ዓመት ገደማ ተከታትሏል። በልብ ሕመም፣ በስትሮክና በሞት ረገድ ከሌላው ቡድን የሚታመን ልዩነት አልተገኘም። መድኃኒት መቀነስ፣ የተሻለ እንቅልፍ፣ የኩላሊት ጉዳት መቀነስ፣ በእግር የመንቀሳቀስ አቅም፣ እነዚህ ግን ተሻሽለዋል። መረጃው እንደገና ሲታይ በመጀመሪያው ዓመት ከክብደታቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱት በልብና ደም ሥር ችግር የመጠቃት ዕድላቸው በ21 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህ ግን ከጥናቱ በኋላ የተደረገ ትንተና ስለሆነ እንደ መጀመሪያው ውጤት አይመዝንም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል 86 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታ ደረጃ በታች እንደወረደ አሳይቷል። እነሱ ግን ስኳር ከያዛቸው 6 ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ ነበሩ። ስምንት ዓመት ለቆየ ሰው እዚያ የመድረስ ዕድሉ ያንሳል፤ አይኖርም ግን አልልም።

የግፊቱን ሒሳብ እንሥራ። በአማካይ አንድ ኪሎ ሲቀነስ የላይኛው ግፊት በ1 ገደማ ይወርዳል። 8 ኪሎ ቢቀንሱ 156ቱ ወደ 148 ይመጣል ማለት ነው። ግብዎ ከ130 በ80 በታች ነው። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ክኒኑን አይተካውም። ክኒኑም ክብደት መቀነሱን አይተካም፤ ስኳሩን፣ በደም ውስጥ ያለውን ስብ (ትራይግሊሰራይድ)፣ የጉበቱን ስብና ጉልበትዎን አብሮ የሚያቃልል ክኒን የለምና። ጉልበትዎ የሚያመው በከፊል ይህን ሁሉ ተሸክሞ ስለሆነ ነው።

ዳይክሎፌናኩን ያቁሙ። ሰው ጉልበቱን ሲያመው ፋርማሲ ገብቶ ያለ ማዘዣ የሚገዛው መድኃኒት ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ግፊት ይጨምራል፣ ጨውና ውኃ ይይዛል፣ የኢናላፕሪልን ሥራ ያዳክማል፣ ከኢናላፕሪል ጋር ሆኖ ደግሞ ኩላሊትን በቀጥታ ይጎዳል። ኩላሊት ሲጎዳ ሜትፎርሚን መቀነስ ወይም ማቆም ግድ ይሆናል፣ ግሊቤንክላሚድም በሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ ስኳርን አደገኛ በሆነ መንገድ ያወርዳል። አንድ የጉልበት ክኒን ሦስት መድኃኒት ያበላሻል። ሕመሙ ሲበረታ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ክትትል ላይም ጉልበትዎን ያሳዩ።

አሁን ስለ አኗኗር። በ6 ወር ጊዜ ውስጥ ከ86 ወደ 78 ኪሎ ይውረዱ፤ በወር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ በፍጥነት የሚወርድ ክብደት ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻም ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ከምግብ በኋላ የደም ስኳርን በብዛት የሚጠቀመው አካል ስለሆነ ሊያጡት አይገባም። መጀመሪያ የሚጠጡትን ይመልከቱ። በሻይ የሚገባው ስኳር፣ ለስላሳው፣ ስኳር የተጨመረበት ቀሪቦ፣ በሲሮፕና በስኳር የሚመታው የአቮካዶ ጁስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እነዚህ ይቁሙ። አቮካዶውን ራሱን በማንኪያ ግማሽ መብላት ይችላሉ። ማር ስኳር ነው፤ ከጫካ የመጣ ንጹሕ የጅማ ማር ቢሆንም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ብርዙም እንዲሁ። «ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» እያሉ በየጠዋቱ ሁለት ማንኪያ የሚወስዱ ሰዎች ክትትል ላይ ዘወትር ያጋጥሙናል።

ከዚያ እንጀራ። እንጀራ አይከለከልም፤ ግን በአንድ ገበታ ላይ ከሚበሉት ሲሶውን ቀንሰው ቦታውን በጎመን፣ በምስር፣ በባቄላ ይሙሉት። የበቆሎ ቂጣ፣ ቆጮ፣ ጎደሬ፣ ድንችና ሩዝ እንጀራን የሚተኩ እንጂ በእንጀራ ላይ የሚጨመሩ አይደሉም። «ቂጣ ነው የበላሁት፣ እንጀራ አልነካሁም» ማለት ስኳሩን አያታልለውም። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ አይብለጥ። ይህ ወጡ ውስጥ የሚገባውን፣ ሽሮና በርበሬው ላይ አስቀድሞ የተደባለቀውንም ያካትታል። በጅማ ገጠር እንደሚደረገው ቡና በጨው የሚጠጡ ከሆነ ሦስቱም ስኒ ይቆጠራል። ቡናው ራሱ ይቀጥል፣ ጨውም ስኳርም ሳይገባበት።

ስለ ጫት አልጻፉም፤ ቢቅሙም ባይቅሙም ልናገር። ጫት ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል። ቀኑን የምግብ ፍላጎት ይዘጋና ማታ ላይ ከባድ ገበታ ያስቀርባል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ከጎኑ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ አይጠፋም። በምርቃናው መካከል የማታ ክኒን ይረሳል። ምሳ ሳይበሉ ግሊቤንክላሚድ ውጠው ከቃሙ ደግሞ ስኳርዎ ወርዶ ራስዎን ሊስቱ ይችላሉ፤ አብረዎት የተቀመጡት ሰዎች «መርቅኖ ነው» ብለው ይተዉዎታል። ይህ የምፈራው ነገር ስለሆነ ነው ያለ ጥያቄ ያነሳሁት።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ከባጃጁ ግማሽ መንገድ ላይ ይውረዱ። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ማውራት እየቻሉ ግን መዝፈን በማይችሉበት ፍጥነት ይራመዱ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያስወጣውን የጅረን ዳገት ለኋላ ያቆዩት፤ ጉልበትዎም ልብዎም መጀመሪያ ሜዳ ላይ ይለማመዱ። ሱቅ ውስጥ በየሰዓቱ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ የጭን ጡንቻን ያጠነክራል፣ ጂም አያስፈልገውም።

ጥንቃቄዎቹን በደንብ ያንብቡልኝ። ምግብ መቀነስ ከመጀመርዎ በፊት ስለ ግሊቤንክላሚዱ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ፤ እንደ ድሮው እየዋጡ ምግብ ከቀነሱ ስኳርዎ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካለዎ፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ድንገት ከራብዎ፣ ግራ ከገባዎ ወዲያው ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ። ለረመዳንም ሆነ ለሌላ ጾም የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ከወር በፊት መስተካከል አለበት። ሳይሞክሩ ከከሱ፣ ወይም ከዕቅዱ በላይ እየወረዱ ከሆነና ሳል፣ የማታ ላብ፣ ብዙ ሽንት ወይም የምግብ ፍላጎት መጥፋት ከታየ ደስ አይበልዎ፤ ስኳር የቲቢን ዕድል በእጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚጨምር የአክታ ምርመራ ይደረግ። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣብዎ ሐኪሙ በሌላ ይቀይርልዎታል፤ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን አቁመው በፍጥነት ሆስፒታል ይሂዱ። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ሽፈራውም፣ ጥቁር አዝሙዱም ወጥ ውስጥ ይግቡ፤ የክኒኑን ቦታ ግን አይውሰዱ። ይህ ምክር ለ52 ዓመት ሰው መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ዕድሜያቸው ከ70 ላለፈና ለደከሙ እናት ወይም አባት «ክብደት ቀንሱ» አይባልም፣ ጡንቻቸውን መጠበቅ ይቀድማል።

ስኳሩን ግን ወደ ጤነኛ ሰው ቁጥር ለማውረድ አይጣደፉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት የሦስት ወሩን ስኳር ከ6 በታች ለማውረድ በመድኃኒት ሲገፋ ብዙ ሰው ስለሞተበት ያ ክፍል ተቋርጧል። ለእርስዎ 7 አካባቢ ይበቃል። በዴንማርክ በ160 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ስኳሩን፣ ግፊቱንና ኮሌስትሮሉን አንድ ላይ የተቆጣጠሩት ሰዎች ከ13 ዓመት ገደማ በኋላ የሞቱት ቁጥር ከሌላው ቡድን በ40 በመቶ ያነሰ እንደሆነ አሳይቷል። ከአንዱ ቁጥር ጋር ከመታገል ሦስቱንም መያዝ የሚበልጠው ለዚህ ነው። በዕድሜዎና ባለብዎት በሽታ ምክንያት የኮሌስትሮል መድኃኒት (ስታቲን) ሊታዘዝልዎ ይገባል፤ ካልታዘዘ በቀጠሮዎ ይጠይቁ።

«ምን ነካው» ስለሚለው ሰው፦ ለቤተሰብዎና ለቅርብ ጓደኞችዎ ከመጀመሪያው ይንገሯቸው፤ «ሐኪም አዞኝ ክብደት ልቀንስ ነው» ይበሏቸው። ሐሜቱ የሚበቅለው በዝምታ ላይ ነው። በየቤቱ ሲሄዱ «ብላ እንጂ፣ በሞቴ» የሚልዎ ሰውም ካወቀ ይተውዎታል፤ ጉርሻውን አንድ ተቀብለው ማመስገን ይበቃል።

ስለዚህ የማዝዝዎ ይህ ነው። ኢናላፕሪሉን ከዛሬ ማታ ጀምረው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይውሰዱ፣ ዳይክሎፌናኩን ያቁሙ፣ በዚህ ሳምንት ወደ ክትትልዎ ሄደው ክሪያቲኒን፣ ፖታሲየምና የሽንት ምርመራ ይሠሩ፣ ክብደት መቀነሱንም ግሊቤንክላሚዱ ሲስተካከል ይጀምሩ። ግፊት ሲለኩ ከዚያ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ በቃሙበት ቀን አይለኩ፣ 5 ደቂቃ ጸጥ ብለው ተቀምጠው፣ ክንድዎን በልብዎ ልክ ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ይለኩ። ክንድዎ ወፍራም ከሆነ ሰፊውን የግፊት መለኪያ ጨርቅ ይጠይቁ፤ ጠባቡ ከእውነተኛው በላይ ያነባል። ከአራት ሳምንት በኋላ በየቀኑ እየዋጡም ከ130 በ80 በላይ ከሆነ አምሎዲፒን ወይም ሌላ ሁለተኛ መድኃኒት ይጨመርልዎታል። እንደ እርስዎ ያለ ሰው በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ስለሚያስፈልገው «በሽታው ባሰብኝ» ብለው እንዳይመልሱት።